አራስ በነፋስ ቤት

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው የሚነሳው ቤቱ ሲያስነሳው ነው። ጎህ ሲቀድ የጣራው ዳስ ራሱን ይጠቀልላል፤ ፀሐይ ፊት ላይ ታርፋለች፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ቤተሰቡ ፍራሽ ፍራሹን ተሸክሞ ከጣራ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ረፋድ ላይ የመስኮቶቹ መዝጊያዎች ቀጭ ቀጭ ብለው ሲገጠሙ ደግሞ ደረጃውን ወርዶ ከመሬት በታች ወዳለው ክፍል ይገባል። እዚያ ይሠራል፣ ይበላል፣ ያሸልባል፣ ይነታረካል። ሲመሽ ፍራሹን ተሸክሞ ተመልሶ ጣራ ላይ ይወጣል። እንግዳም የሚስተናገደው እንደ ሰዓቱ ነው፤ ጠዋት የመጣ በረንዳ ላይ፣ ቀን የመጣ ከመሬት በታች፣ ማታ የመጣ ከዋክብት ስር። ሠርግ የሚደግስ ሰው ቀኑን ከሽማግሌዎች ጋር፣ ሰዓቱን ከቤቱ ጋር ይማከራል።

ማቀዝቀዣ የሚባለው ሞተር ከግድግዳ ላይ ከተነቀለ ቆይቷል። በየበጋው መብራት ያጠፋ ነበር፤ ለባለቤቱ ያቀዘቀዘውን ያህል ለጎረቤቱ ሙቀት ይተፋ ነበር። ከተማው በመጨረሻ ሰለቸውና ነቀለው። አሁን ያለው ነፋስ ነው። ሌሊት ከደቡብ ተራሮች የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ድንጋይ በታጨቀበት የምድር ውስጥ ቦይ ይከማቻል። ቀን ላይ የረድፉ የመጀመሪያ ቤት ከመሬት በታች ባለው የግድግዳ ቀዳዳ፣ በአፉ፣ ይስበዋል፤ በማዶው መውጫ፣ በጭራው፣ ለሁለተኛው ያቀብለዋል፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው፤ እንዲህ እያለ እስከ አሸዋው ወንዝ ዳር ይወርዳል።

ደንቡም አጭር ነው፦ ነፋስ የጎረቤት ነው። የደረሰህን ተጠቅመህ ታሳልፋለህ። አፍ መድፈን፣ ጭራ መዝጋት፣ አፍ ላይ ቁም ሳጥን ማስደገፍ ክልክል ነው። ይህን የሚቆጣጠር አንድ የነፋስ ዳኛ በየረድፉ አለ፤ የሚመረጠውም እንደ እድር ዳኛ እጅ በማውጣት ነው።

ኤልዳና የዚህ ረድፍ የስድስተኛው ቤት እመቤት ናት። በስሙ የሚታለል ካለ፣ ኤልዳና አያት ናት። በእሷ ጊዜ የሰፈሩ ሴት ልጅ ሁሉ ኤልዳና ነበረች፤ ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራ ሁሉ ሽበት አብቅሏል። ድሬ ደግሞ አንቱታ አታውቅምና እኛም አንቺ እያልን እንቀጥላለን።

ቤቱን የነደፈችው ልጇ አስካለ ናት። ስድስተኛውን ብቻ ሳይሆን ረድፉን በሙሉ፣ ከዚያም አልፎ ሰፈሩን። አስካለ አርክቴክት ናት፤ ባሏ የደብረ ብርሃን ሰው በመሆኑ ኑሮዋን እዚያ አደረገች። የቆላ ቤት የነደፈች ሴት ደጋ ትኖራለች፤ የድሬ ሰው ይህን እያነሳ ይስቅባታል። ኤልዳና ግን በልጇ ትኮራለች፤ የልጇን ቤት ግን አትወደውም። ድሬ ተወልዳ ድሬ አርጅታ ነፋስ ትፈራለች። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ሲከፈት «ዝጉት አቦ!» ብሎ የሚጮኸው ድምፅ የእሷ ነው። ከመሬት በታች ባለው ክፍል ስትቀመጥም ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ነው።

ምክንያት የላትም አይባልም። ታላቅ እህቷ ሄራን፣ በወለደች በሳምንቷ ከሐረር ስትመጣ መኪናው ውስጥ መስኮት ተከፍቶ ነበር። ሐኪሞቹ ለበሽታው ሌላ ስም ሰጡት፤ ቤተሰቡ ግን ብርድ ነው አለ። ሄራን አልዳነችም። ኤልዳና ያኔ ኮረዳ ነበረች፤ አራስና ነፋስ አንድ ቤት እንደማይኖሩ ያን ጊዜ ተማረች።

በግንቦት አስካለ ለመውለድ እናቷ ቤት መጣች። የመጀመሪያ ልጅ ከእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ይህን ባቡሩም፣ ዘመኑም፣ ሙቀቱም አልለወጠውም። ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ተገላገለችና በማግስቱ ቤት ገባች። ኤልዳና እልልታዋን አቅልጣ ተቀበለቻት። ልጇ ዓይኗን በዓይኗ አይታለች፤ ከዚህ በኋላ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አስካለ ከእናቷ ቤት ሳትነሳ፣ በሰላም ጠግባ፣ አራስነቷን እንድትጨርስ። ትራስ ስር ቢላ አስቀመጠች፤ አጥሚቱን ጣደች፤ ጥጥ አድበልብላ የልጇን ጆሮ ደፈነች።

ቀን ቀን አራሷ የምትተኛው እንደ ሰው ሁሉ ከመሬት በታች ነው። አልጋው ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ መደብ ስለሆነ አይነሳም፤ የቤቱ አፍ ደግሞ ፊት ለፊቱ ነው።

«ይሄ ነገር የሚተነፍሰው አልጋው ላይ ነው እንዴ?» አለች ኤልዳና፣ መዳፏን ወደ አፉ ዘርግታ።

«ቤቱ ነው እማዬ። ይተነፍሳል፤ ሥራው ነው።»

«ይተንፍስ። አራስ ላይ ግን አይተነፍስም።»

መጋረጃ ብትሰቅልበት ነፋሱ ነፍቶ አልጋው ላይ ጣለው። ስለዚህ ብርድ ልብስ ጠቅልላ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀች። በላዩ ትራስ፣ በትራሱ ላይ ጋቢ ጨመረች። መዝጊያዎቹ ከላይ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አሉ፤ ቤቱ ሲቃወም እንዲህ ነው።

«ዝም በል አንተ! አራስ አለ» አለችው ወደ ጣራው ቀና ብላ። አስካለ በጥጥ በተደፈነ ጆሮዋ ሰማችና ፊቷን ወደ ሕፃኗ መለሰች።

የነፋስ ዳኛው ጋሽ ኢምራን ሰባተኛው ቤት ነው የሚኖረው። ስለዚህ ያ ብርድ ልብስ ሲጠቀጠቅ በመጀመሪያ የታፈነው ዳኛው ራሱ ነው። ደረቱ ድሮም ደካማ ነው። የነፋሱን መንገድ የሚከታተለው የዳኝነት አንባሩ እጁ ላይ ነዘረው፤ የተደፈነውም የስድስተኛው ቤት አፍ መሆኑን ነገረው። ደንቡ ዕለቱኑ ለማዘጋጃ ቤቱ እንዲያመለክት ያዛል። ካመለከተ ግን ቤቱ እስኪመረመር አራሷ ከነልጇ ተነስታ ጤና ጣቢያው የጋራ ክፍል ትወሰዳለች። ኢምራን እያሳለ አሰበና፣ ሄጄ በሰላም ልንገራት ብሎ ተነሳ።

አራስ ቤት ደግሞ ባዶ እጅ አይገባም። ቴምር ያዘ። ፀሐይ ይዞም አይገባም፤ ምድር ቤት ተቀምጦ ላቡ እስኪደርቅ ጠበቀ። ከዚያ ወረደና፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለ። ኢምራን ሙስሊም ነው፤ ግን ድሬ ላይ ይህን ለማለት ሃይማኖት አይጠየቅም። ገንፎ ቀረበለት። ከገንፎው ባሻገር ብርድ ልብሱን አየው። የጋቢው ጥለት እንኳ ይታያል።

«ኤልዳና...» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«ወይ ኢምራን? ጨው በዛበት?»

ኢምራን አራሷን አየ። ሕፃኗን አየ። ኤልዳና ቅቤውን ልትጨምርለት ማንኪያ ይዛ ቆማለች።

«ኧረ ምንም አልል አቦ። ግሩም ገንፎ ነው» አለና በልቶ ወጣ።

በማግስቱ የስምንተኛው ቤቷ ሀናን ተላከች። ሀናን የትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ አፏን ሞልታ የምትናገር፣ ዳይሬክተሯን ሳይቀር የምታንቀጠቅጥ ሴት። የሕፃን ልብስ ይዛ መጣች፤ ላቧ ደረቀ፤ ወረደች፤ በላች። ስትወጣ ረድፉ በሙሉ በር ላይ ይጠብቃት ነበር።

«ነገርሻት?»

«ለሕፃኗ ኮፍያ ልሠራላት ቃል ገባሁ» አለች ሀናን።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በየተራ ሄደ። ሁሉም አንድ ነገር ይዞ ሄደ፤ ሁሉም መርቆ ተመለሰ። ይሉኝታ የረድፉን ሰው አፍ ከብርድ ልብሱ ይበልጥ ደፈነው። ከሰባተኛው ቤት ጀምሮ እስከ አሸዋው ድረስ ሰው አንሶላ እያራሰ ይከናነብ ጀመር። አንዳንዱ ከሰዓት በኋላውን ላይኛው ረድፍ ዘመድ ቤት እያሳለፈ ሲመሽ ይመለሳል። ኢምራን ደጋግሞ ለማዘጋጃ ቤቱ ሊያመለክት ጣቱን ወደ አንባሩ ሰደደ፤ ደጋግሞም መለሰው። አራስ ያስነሳ ተብሎ ድሬ ላይ መኖር አይቻልም።

ኤልዳና ይህን ሁሉ አላወቀችም። እንዲያውም ጎረቤቶቿ እንዲህ ስለጎረፉ ደስ ብሏት ነበር፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እያለች ለልጇ ታወራ ነበር። አስካለ ትሰማለች፤ ላብ በላብ ሆና፣ ዓይኗን ከብርድ ልብሱ ሳትነቅል።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ግንቦት ነው፤ ሰማዩ ነጭ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ደጅ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም። ከመሬት በታች ባለው ክፍል ግድግዳው ራሱ ሞቆ ነበር፤ ይህ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ሆኖ አያውቅም። ሕፃኗ ጡት አልይዝ አለች። ፊቷ ቀላ፤ አንገቷ ስር ሽፍታ ወጣባት። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ተነጫነጨች፤ በመጨረሻ ዝም አለች።

«ብርድ ገብቶባታል! የሆነ ቀዳዳ አለ!» አለችና በአፉ ዙሪያ በጣቷ እየዳበሰች ነጠላዋን ወደ ስንጥቁ ትወትፍ ጀመር።

«እማዬ። ሞቋት ነው።»

«ሙቀት ሰው ገድሎ ያውቃል? ብርድ ነው እንጂ!»

«ሰውነቷን ንኪው።»

ኤልዳና ነካችው። እጇን አነሳችና እንደገና ነካችው። ጤና ጣቢያው ከአሸዋው ማዶ ነው፤ ክርስትና ያልተነሳች ጨቅላ በዚያ ፀሐይ ይዞ መውጣት እሳት ላይ መጣል ነው። ነፋሱ ያልተቋረጠበት አምስተኛው ቤት ቀዝቃዛ ነው፤ ግን እዚያም ለመድረስ ፀሐዩን ማቋረጥ ግድ ነው። አስካለ እግሯን ከመደቡ አወረደች።

«እኔ እነቅለዋለሁ» አለች።

«አንቺ አትነሺም! ሄራንም እንዲሁ ነው ያለችው፣ ትንሽ ነፋስ ምን ያደርገኛል ነው ያለችው! እኔ ነኝ ያጠብኳት፣ እነዚህ እጆች ናቸው ያጠቧት...»

«እማዬ፣ አክስቴን አላውቃትም። ይቺን ግን አውቃታለሁ» አለች አስካለ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ይዛ። «እየደከመችብኝ ነው።»

ኤልዳና ከልጇ ወደ ልጅ ልጇ አየች። አንደኛዋን ነፋስ ይገድልብኛል ብላ ሌላዋን በሙቀት እየገደለች መሆኗን ያኔ ተረዳች። ጋቢውን ሳበች። ትራሱን ሳበች። ብርድ ልብሱ አብጦ ነበርና አልወጣ ሲል እግሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጎተተችው።

ቤቱ ተነፈሰ። የስንት ቀን ቅዝቃዜ በአንድ ጊዜ ወጣና ቀጥ ብሎ ወደ አልጋው ሄደ። የአስካለ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ኤልዳና አየች። ከዚህ በኋላ አላሰበችም። አልጋውና አፉ መካከል መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ ልጇ፣ ጀርባዋን ወደ ነፋሱ አድርጋ፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘረጋች።

«ለኔ ይሁን» አለች። «ለኔ ይሁን፣ ለኔ ይሁን።»

ነፋሱ ጀርባዋ ላይ አረፈ። ዕድሜዋን ሙሉ የሸሸችው ነገር አጥንቷ ድረስ ገባ። ነገር ግን ወደ አልጋው አላለፈም፤ በትከሻዋ ግራና ቀኝ ተከፍሎ፣ በራሷ ላይ ተሻግሮ፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ ዞረ። ከክፍሉ ኮርኒስ ላይ የተሰቀለው የሕፃን ልብስ ይወዛወዛል፤ አልጋው ላይ የአንሶላው ጫፍ እንኳ አይንቀሳቀስም። ክፍሉ ቀስ እያለ ቀዘቀዘ። አስካለ የሕፃኗን ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ እያበሰች፣ እያቆየች ጡቷን ታቀርብላታለች። አንዴ አልያዘችም። ደግማም አልያዘችም። ከዚያ ያዘች፤ የመጥባቷ ድምፅ ተሰማ። ኤልዳና እንባዋ እየወረደ ነጠላውን ሳትለቅ ሳቀች።

በዚህ ጊዜ ከጭራው በኩል ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ረጅም ሳል ነው። ከዚያ የኢምራን ድምፅ «አልሐምዱሊላህ!» አለ። ጥቂት ቆይቶ ሀናን እልል አለች፤ ቀጥሎ ዘጠነኛው ቤት፤ እልልታው እየራቀና እየቀጠነ እስከ አሸዋው ወረደ።

«ምን አገኙ እነዚህ ሰዎች? ሠርግ አለ እንዴ?» አለች ኤልዳና።

«ነፋስ ደርሷቸው ነው።»

«እስከ ዛሬ አልነበራቸውም?»

«ከየት ይምጣላቸው እማዬ? ያንቺ ብርድ ልብስ መሀል ላይ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ? ሁሉም እኮ መጥተው ነበር!»

«ገንፎ ጎርሰው እንዴት ይንገሩሽ?»

ኤልዳና ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለች። ቀድሞውኑ ከመሬት በታች ስለነበረች ይህም አልሆነላትም። ለመነሳት ስትል አስካለ እጇን ዘረጋች።

«አትነሺ! እዚያው ቆዪ። ትከሻሽን ትንሽ ቀና አድርጊው። እንደሱ።»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየነደፍኩ።» አስካለ ጥጡን ከጆሮዋ አወጣች። ዓይኗ በሚወዛወዘው ልብስና በማይንቀሳቀሰው አንሶላ መካከል ይመላለሳል። «ይህን ቤት ስሠራ አስም ያለበትን አስቤያለሁ። ሽማግሌ አስቤያለሁ፤ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ አስቤያለሁ። አራስ ግን አላሰብኩም። የመጀመሪያው ቀን ነፋሱ ጀርባዬን ሲነካኝ በረደኝ፤ አንቺ ስትደፍኚው ደስ አለኝ። ቤቴ ተሳስቷል ከማለት ዝም ማለት ቀለለኝ። እማዬ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም የደፈንሽው።»

«ደሞ አራስ እንዲህ አያወራም» አለች ኤልዳና ነጠላዋን አስተካክላ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ኢምራን ደረሰ፤ ላቡ እስኪደርቅ ላይ ተቀምጦ ወረደ። ኤልዳና መሬት ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እንደዘረጋች ሲያያት ደረጃው ላይ ቆመ።

«ይቅር በለኝ አንተ ኢምራን» አለችው። «ደረትህን አሳሰልኩት።»

«እኔን ይቅር በይኝ። ዳኛ ሆኜ ዝም አልኩ። ደግሞ ገንፎውን እየመጣሁ በላሁ።»

«ጨው በዝቶበት ነበር፣ አይደል?»

«ወላሂ በዝቶበት ነበር» አለ ኢምራን፤ ሦስቱም ሳቁ።

አስካለ ሐሳቧን ነገረችው። በአፉና በአልጋው መካከል አጭር ግድግዳ ይቁም፤ ነፋሱን የሚከፍል እንጂ የማይዘጋ። ቁመቱ እናቷ ተቀምጣ እስከ ራሷ፣ ወርዱ እናቷ ነጠላ ዘርግታ ከክርን እስከ ክርን። ኢምራን በሕፃኗ መቀነት ለካት። «እኔ ጨርቅ ነኝ እንዴ የምለካው?» እያለች ኤልዳና አጉረመረመች፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ግድግዳው እስኪቆም ማን ይቀመጥበታል ሲባልም ሰው አላስነካችም።

የአፈር ጡቡንና ጭቃውን ያመጣው ረድፉ ነው። ሀናን እጅጌዋን ሰብስባ ከኤልዳና ጀርባ ገባችና ትገነባ ጀመር፤ ኢምራን እያሳለ ያቀብላታል። ግድግዳው ሲያድግ ነፋሱ ከኤልዳና ላይ እየለቀቀ ሄደ፤ መጀመሪያ ከወገቧ፣ ቀጥሎ ከትከሻዋ፣ በመጨረሻ ከማጅራቷ። የመጨረሻው ጡብ ሲቀመጥ ጀርባዋ ሞቀ። ዞር ብላ የቆመውን አየችው፤ በመዳፏም ዳበሰችው። ከዚያ ሁለት ሰው ደግፎ አስነሳት።

በማግስቱ አንገቷ አልዞር አለ። «አላልኳችሁም? ነፋስ ነው!» እያለች ሙሉ ሳምንት ለጠያቂ ሁሉ በኩራት አሳየች። አስካለ አራስነቷን እዚያው ጨርሳ፣ ሕፃኗም ክርስትና ተነስታ፣ ጠግበው ወጡ።

አሁን በሰመራ፣ በጎዴ፣ በመተማ የሚሠራ የነፋስ ቤት ሁሉ ያ አጭር ግድግዳ አለው። ግንበኞች ወርዱና ቁመቱ ለምን ያን ያህል እንደሆነ አይጠይቁም፤ ልኩ ያው ነው፣ ይሠሩታል። መተማ ውስጥ ትናንት የወለደች ሴት ኤልዳና የምትባል ሰው መኖሯን አታውቅም። ውጭው ነዷል፤ የሕፃን ልብስ ኮርኒስ ላይ ይወዛወዛል፤ እሷ ልጇን አቅፋ፣ በኤልዳና ጀርባ ተከልላ ተኝታለች።